በትራፊክ ፖሊስ የእጅ ስልክ የተነሳ ፎቶ ለቅጣት ይበቃል?

ጠያቂ፦ ባለ ሚኒባሱ

ለአሽከርካሪ በቀን ገቢ ሰጥቼ የማሠራው አንድ ሚኒባስ አለኝ። ዓመታዊ ምርመራውን አስጨርሼ ቦሎ ለማሳደስ በሄድኩበት ጊዜ፣ በታርጋው ላይ ያልተከፈለ ቅጣት ተመዝግቦ ስላለ አስቀድሜ እሱን መክፈል እንዳለብኝ ተነገረኝ። ጥፋቱ በእግረኛ ማቋረጫ ዜብራ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ መጫን የሚል ሲሆን፣ ማስረጃው አንድ የትራፊክ ፖሊስ በእጅ ስልኩ ያነሳው ፎቶ መሆኑን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ገለጸልኝ። ፎቶውን ለማየት ብጠይቅ አላሳዩኝም። አሽከርካሪዬ በበኩሉ ማንም እንዳላስቆመው፣ የክስ ወረቀትም እንዳልተሰጠው ነግሮኛል፤ ዜብራ ላይ አልቆምኩም ብሎ ግን አልማለልኝም፤ ስለዚህ ንጹሕ ነን ለማለት አልመጣሁም። የከተማውንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ሕግ የምታውቁ ወይም በሌላ አገር ተመሳሳይ አሠራር ያያችሁ ሰዎች እንድታስረዱኝ የምለምነው ይህንን ነው። ፖሊስ በስልኩ ያነሳው ፎቶ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን ይችላል? ስልኩ የመንግሥት ይሁን የግሉ ለውጥ ያመጣል? ደግሞስ ፎቶው የሚያሳየው መኪናውን ከሆነ፣ መቀጣት ያለበት ሊብሬው በስሙ የሆነው እኔ ነኝ ወይስ በዚያ ሰዓት መሪውን የያዘው ሰው?


መልስ፦ በሕግ ሥራ ላይ ያለ

ጠያቂው ያነሷቸው ነጥቦች ተለያይተው ቢታዩ መልካም ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ጥያቄ የሚሸነፉ ሲሆን በመጨረሻው ግን ጠንካራ መሠረት አለዎት።

«ፎቶው በስልክ የተነሳ ስለሆነ ማስረጃ አይደለም» የሚለው ክርክር አያዋጣም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ነገር ግን አንድን ማስረጃ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው መመዘን ደግሞ ሌላ። በስልክ የተነሳ ፎቶ ክብደት የሚኖረው ማን፣ መቼ፣ የት እንዳነሳውና ከተነሳበት ቅጽበት አንስቶ መዝገብ ላይ እስከ ዋለበት ድረስ በማን እጅ እንዳለፈ ሲታወቅ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር፣ ፎቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ምስል ከተላከ በፋይሉ ውስጥ ተደብቆ የሚገኘው የሰዓትና የቦታ መረጃ ይራገፋል፤ የምስሉም ጥራት ይቀንሳል። ፖሊሱ ፎቶውን ለጓደኛው ልኮ፣ ጓደኛው ለቢሮ አስተላልፎ፣ ቢሮው አትሞት ከሆነ መዝገቡ ላይ ያለው ወረቀት የዋናው ጥላ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎት የታተመውን ሳይሆን ዋናውን ፋይል ነው።

ታርጋውንም አደራ በጥንቃቄ ይመልከቱ። በነባሩ የታርጋ ሥርዓታችን አንድ ዓይነት አሃዝ በኮድ 1፣ በኮድ 2ም ሆነ በኮድ 3 ሊገኝ ይችላል፤ ክልሉን የሚያመለክቱት ፊደላትም ሲለያዩ አሃዙ ይደገማል። አሃዙ ጎልቶ ኮዱና የክልሉ ፊደል በጭቃ፣ በጥላ ወይም በፎቶው ጠርዝ ከተቆረጡ፣ ጸሐፊው በግምት የሚሞላው አንድ ሣጥን የሌላ ሰው ዕዳ ይሆናል። ሚኒባስ ከሆነ ከመልኩ ይለያል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባ ሚኒባስ በከተማችን ስንት እንዳለ ያውቁታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003ም ሆነ እሱን ተከትለው የመጡት ደንቦች ስለ አነዳድ ጥፋት ሲደነግጉ የሚያነጋግሩት አሽከርካሪውን ነው፤ ጥፋቱም ከገንዘብ ቅጣቱ ባለፈ በመንጃ ፈቃዱ ባለቤት ላይ በሪከርድነት ይያዛል። ሪከርድ የሚያዝበት ሰው ሳይታወቅ ገንዘቡን ብቻ ከባለንብረቱ መቀበል ደንቡ ያሰበውን ዓላማ ግማሹን ይጥለዋል፤ ደጋግሞ የሚያጠፋው አሽከርካሪ በመዝገብ ንጹሕ ሆኖ ይቀጥላላ። አንዳንድ ባለሙያዎች ለባለንብረቱ ኃላፊነት የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2081 ሲጠቅሱ እሰማለሁ። ያ አንቀጽ መኪናው በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ካሳ እንዲከፍል የሚያደርግ ነው፤ ስለ ቅጣት አይናገርም፤ ካሳንና ቅጣትን ማደባለቅ ተገቢ አይደለም።

የግል ስልክን በተመለከተ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሊታይ ይገባል። ታርጋ፣ የሰው ፊት፣ የተሳፋሪ ምስል የግል ዳታ ናቸው፤ ለተወሰነ ዓላማ መሰብሰብና ለዚያው ዓላማ ብቻ መዋል አለባቸው። የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። የፖሊሱ የግል ስልክ ማታ ቤት የሚገባ፣ ልጆች የሚነካኩት፣ አንድ ቀን ለጥገና የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ዕቃ ነው። በዚያ ውስጥ የብዙ ሰው ምስል ተከማችቶ መቅረቱ ብቻውን ሊያሳስበን ይገባል።


መልስ፦ በጡረታ የወጣሁ ትራፊክ

የቀደመው መልስ ሰጪ የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩ፤ በሕጉ ላይ አልከራከርዎትም። ይሁን እንጂ ሕጉን የጻፉትም የሚተረጉሙትም ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስቀለኛ መንገድ መሐል ቆመው ስለማያውቁ፣ እኔ ከቆምኩበት ቦታ ልናገር።

ሚኒባስ ዜብራ ላይ ሲቆም ፖሊሱ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ያስቆመዋል፤ ያን ጊዜ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆማሉ፣ ተሳፋሪው «ሥራ ረፈደብን» ብሎ ይጮኻል፣ እግረኛው በመኪኖች መሐል እየተሹለከለከ ይሻገራል፣ አንዱን ጥፋት ለመቅጣት ሲባል መንገዱ በሙሉ ይዘጋል። ወይ ደግሞ ያልፈዋል፤ በሚቀጥለው ቀን እዚያው ቦታ ላይ ሦስት ሆነው ይቆማሉ። በእኛ ጊዜ ቆሞ ባለቤቱ የጠፋ መኪና ሲሆን ታርጋ ፈትቶ መውሰድ ነበር መፍትሔው፤ ባለንብረቱ የተፈታ ታርጋውን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ ሲንከራተት ይውላል፤ መንጃ ፈቃድ መያዝም እንደዚሁ። ከዚያ ሁሉ አንድ ፎቶ አንስቶ መንገዱን ክፍት ማድረግ እንዴት እንደሚሻል ለመረዳት ትራፊክ መሆን አያስፈልግም።

በዚያ ላይ ፎቶ ለፖሊሱም ጥበቃ ነው። «አላጠፋሁም፣ ጉቦ ስላልሰጠሁት ነው የከሰሰኝ» የሚል አሽከርካሪ ፊት ከቃሉ በቀር ምንም የሌለው ፖሊስ ደካማ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ስልክ የማያሳየውንም ልናገር፤ እዚህ ላይ ባልደረቦቼ ቅር ቢላቸውም። ፍጥነትን አንድ ፎቶ አያሳይም፤ ለዚያ የራዳር መሣሪያ አለ። ቀይ መብራት መጣስን ለማሳየት መብራቱ፣ የማቆሚያው መስመርና የመኪናው የፊት ጎማ በአንድ ምስል ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ይህ ደግሞ ከጎን ቆሞ ለሚያነሳ ሰው እጅግ አስቸጋሪ ነው። የደህንነት ቀበቶ ጥቁር ጃኬት በለበሰ ሰው ላይ፣ ፀሐይ በመስታወቱ ላይ ስታንጸባርቅ አይታይም። ከሩቅ አጉልቶ ማንሳት ደግሞ ርቀትን ያጣብቃል፤ ከዜብራው ሁለት ሜትር ወደ ኋላ የቆመ መኪና ፊት ለፊት በዙም ሲነሳ በላዩ ላይ የቆመ መስሎ ይታያል። ጠያቂው ፎቶውን ባገኙ ጊዜ ጎማው መስመሩን ሲነካ ይታይ እንደሆነ እንጂ መኪናው መስመሩ አጠገብ መሆኑን ብቻ አይመልከቱ።

ሌላው ማንም በአደባባይ የማይናገረው ጉዳይ የሚጠፋው ፎቶ ነው። ፎቶ የፊት ለፊት ድርድርን ያስቀራል ይባላል፤ ፖሊሱ አንስቶ ከሄደ እውነት ነው። አንስቶ፣ ለአሽከርካሪው አሳይቶ፣ «ምን ይሻላል?» ካለ ግን ዋጋ የሚወጣለት ነገር አዲስ ሆነ ማለት ነው፤ ድሮ የክስ ወረቀቱ አለመጻፉ ነበር የሚሸጠው፣ አሁን የፎቶው መሰረዝ ይሸጣል። ይህንን የሚዘጋው ስብሰባና ምክር አይደለም። ፎቶው በተነሳበት ቅጽበት ወደ ማዕከል የሚሄድበት፣ አንሺው ሊሰርዘው የማይችልበት መተግበሪያ ያለው የመሥሪያ ቤት ስልክ ነው። በግል ስልክ የሚሠራ ሐቀኛ ፖሊስ እንኳ ሐቀኝነቱን የሚያሳይበት መንገድ የለውም።


መልስ፦ ሕንድ የተማርኩ

ለትምህርት ሕንድ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ ጉዳይ በየጋዜጣው የሚነሳ ስለነበረ የማውቀውን ላካፍል። በዚያ አገር የትራፊክ ቅጣት ማስታወቂያ ቻላን ይባላል፤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚላከው ኢ-ቻላን ነው። ፖሊስ መንገድ ዳር ቆሞ የራስ ቁር ያላደረገ ሞተረኛን ከኋላ በስልኩ ሲያነሳ ማየት በትላልቆቹ ከተሞች የተለመደ ነው።

የሞተር ተሽከርካሪ ሕጋቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ተሻሽሎ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለሚደረግ ቁጥጥር አንቀጽ 136ኤ የተባለው ተጨመረ፤ ዝርዝሩ ደግሞ በነሐሴ 2021 በወጣው ደንብ 167ኤ ላይ ሰፈረ። ደንቡን ሳነበው የገረመኝ የተፈቀዱትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ መጥቀሱ ነው፤ የፍጥነት ካሜራ፣ የፍጥነት መለኪያ ሽጉጥ፣ በፖሊሱ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ካሜራ፣ በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠም ካሜራ፣ ታርጋ አንባቢ፣ የጭነት ሚዛንና የመሳሰሉት። ክልላዊ መንግሥታት ሌላ ቴክኖሎጂ የመጨመር ሥልጣን ቢኖራቸውም የፖሊስ የግል ስልክ በስም አልተጠቀሰም። ማንኛውም መሣሪያ በየዓመቱ የሚታደስ የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ የቅጣት ማስታወቂያው ጥፋቱ ከተፈጸመ በ15 ቀናት ውስጥ መላክ አለበት፤ ጥፋቱንና ታርጋውን የሚያሳየው ምስል፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው፣ እንዲሁም የኤሌክትሮኒክ ማስረጃውን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ምስክርነት አብሮት መቅረብ አለበት፤ መዝገቡም ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ይቀመጣል።

እንግዲህ በወረቀት ላይ ይህን የመሰለ ደንብ እያለ መንገድ ላይ የሚሠራው ሌላ ነበር። ሙምባይ የምትገኝበት የማሃራሽትራ ግዛት የትራፊክ ፖሊስ የበላይ ኃላፊ በሐምሌ 2025 ባወጡት ትእዛዝ፣ ፖሊሶች በግል ስልካቸው ፎቶ እያነሱ በኋላ በተመቻቸው ሰዓት ወደ ሥርዓቱ የሚጭኑበት አሠራር እንዲቆም፣ ይህንን በሚያደርጉትም ላይ እርምጃ እንደሚወሰድ አስታውቀዋል። ትእዛዙ የመጣው ከአሽከርካሪዎችና ከአጓጓዦች ማኅበራት በቀረበ አቤቱታ ነው። «በተመቻቸው ሰዓት» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ጠዋት የተነሳ ፎቶ ማታ ሲጫን ሥርዓቱ የሚመዘግበው የትኛውን ሰዓትና የትኛውን ቦታ ነው? አሽከርካሪው በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ አልነበርኩም ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ጥፋቱንም ፈጽሞ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው እውነት የሚሆኑበት መዝገብ ለማንም አይጠቅምም።

ለእኛ አገር ይህ ምሳሌ የሚጠቅመው ሕንዶች ከእኛ ስለተሻሉ አይመስለኝም። ችግሩን ቀድመው ቀምሰውታል፤ የትኛውን ዓይነት ካሜራ፣ በማን ተመርምሮ፣ በስንት ቀን ውስጥ የሚሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ከሰው ስህተት በኋላ እየጨመሩ ነው የጻፏቸው።


መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምኖርበት የአሜሪካው ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ በስልክ ፎቶ መቅጣት የለም፤ ቋሚ የፍጥነት ካሜራ ነው ያለው። የማነሳው ግን ጠያቂው «ባለንብረቱ ወይስ አሽከርካሪው?» ላሉት ነገር እዚህ የተሰጠው መልስ ስለሚያስተምር ነው።

በሜሪላንድ የትምህርት ቤትና የመኖሪያ አካባቢ ካሜራ የሚያነሳው ከተወሰነው ፍጥነት በሰዓት ቢያንስ በ12 ማይል ያለፈን መኪና ነው። ማስታወቂያው በፖስታ የሚመጣው ለባለንብረቱ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ቅጣቱ 40 ዶላር ብቻ የነበረ ሲሆን ከጥቅምት 2025 ወዲህ እንደ ፍጥነቱ መጠን እየጨመረ የሚሄድ ሆኗል። ባለንብረቱን ለመቅጣት የተፈቀደው ታዲያ በአንድ ሁኔታ ነው፤ ጥፋቱ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ አያስይዝም፣ ኢንሹራንሱንም አያስጨምርም፤ ከመኪና ማቆሚያ ቅጣት ጋር የሚመሳሰል ተደርጎ ተወስዷል። ፖሊስ አስቁሞ የሚጽፈው ቅጣት ግን ለአሽከርካሪው ነው፣ ነጥብም አለው። ባለንብረቱ ሌላ ሰው ይነዳ እንደነበር ለፍርድ ቤት ማስረዳትም ይችላል። ስለዚህ የእኛም ሕግ አውጪዎች በካሜራ ባለንብረቱን እንቅጣ ካሉ፣ ቅጣቱን ከአሽከርካሪው ሪከርድ ለይተው በግልጽ መጻፍ አለባቸው፤ አንዱን ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ መውሰድ አይቻልም።

ቋሚ ካሜራም ቢሆን አይሳሳትም ማለት አይደለም። ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቀው በባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ2012 ቀይ መብራት ይዞት ፈጽሞ ያልተንቀሳቀሰ መኪና በሰዓት 38 ማይል ሲበር ተገኘ ተብሎ የቅጣት ወረቀት ተልኮለታል። ይህ ሊታወቅ የቻለው ከማስታወቂያው ጋር ሰዓት የተመታባቸው ሁለት ፎቶዎችና ቪዲዮ ለባለንብረቱ ስለሚቀርቡለት ነው፤ ከፍቶ ሲያየው መኪናው እንደ ሐውልት ቆሟል። ጋዜጣ ጉዳዩን መርምሮ ብዙ ተመሳሳይ ስህተት አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከተማው ካሜራዎቹን አቆመ። በጠያቂው ጉዳይ እኔን ያሳዘነኝ ፎቶ መነሳቱ ሳይሆን «ላሳይህ አልችልም» መባላቸው ነው። ተከሳሹ የማያየው ማስረጃ ስህተቱ ቢኖርበት ማን ሊያገኘው ነው?


መልስ፦ አሽከርካሪ ነኝ

ሁላችሁም ስለ ባለንብረት ትጨነቃላችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝና በእኛ ሥራ ባለንብረት ቅጣት ከፍሎ አያውቅም። ቅጣቱ በመጣ ቀን ከቀን ገቢው ላይ ይቆረጥብናል። እኔ ሚኒባስ ስነዳ በተለያየ ሰዓት ሌላ ተተኪ ሹፌርም ይነዳል፤ ፎቶው ከወር በኋላ ሲመጣ ማን እንደነበር እኛም አናስታውስም፣ ባለንብረቱ ግን ከሁለታችን አንዱን ያስከፍላል። አስቁሞ የሚቀጣኝን ፖሊስ እመርጣለሁ የምለው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ እኔ መሆኔን ያውቃል። ዜብራ ላይ አትቁሙ ለሚለው ግን ማረፊያ ቦታው የት እንዳለ አሳዩን።


ጠያቂ፦ ባለ ሚኒባሱ

ስለ ሁሉም መልስ ከልብ አመሰግናለሁ። አሽከርካሪ ወንድማችን ላሉትም እውነት አላቸው፤ እኔም ገና ከመጠየቄ በፊት ከገቢው ላይ ለመቁረጥ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ትቼዋለሁ። በሕግ ሥራ ላይ ያሉትን ደግሜ የምጠይቀው፣ ማመልከቻ ስጽፍ ምን ምን ብዬ ልጠይቅ የሚለውን ነው። ቅጣቱን ሳልከፍል ቦሎ አይታደስልኝም፤ መኪናው ደግሞ ያለ ቦሎ ቢወጣ ሌላ ቅጣት ይከተላል።


መልስ፦ በሕግ ሥራ ላይ ያለ

መኪናው ቆሞ ከሚከስሩ ቅጣቱን ይክፈሉና ደረሰኙ ላይ ወይም በተያያዘ ማመልከቻ «መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ከፍያለሁ» የሚል ያስጽፉ፤ በቴሌብር ቢከፍሉም ማረጋገጫውን አትመው ያያይዙት። ከዚያ በጽሑፍ የሚጠይቁት ዋናው የፎቶ ፋይል እንዲቀርብ፣ ያነሳው ስልክ የመሥሪያ ቤቱ ይሁን የግል እንዲገለጽ፣ ፎቶው ወደ መዝገብ የገባበት ቀንና ሰዓት ከተነሳበት ጋር እንዲነጻጸር፣ አሽከርካሪው በምን እንደተለየም እንዲብራራ ነው። ባለንብረት በመሆንዎ ብቻ ከተቀጡ የትኛው የደንብ አንቀጽ እንደተጠቀሰ በግልጽ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ አንቀጽ የሌለው ቅጣት ይግባኝ ላይ ለመሟገት ይቀላል።

በጡረታ የወጡት አባታችን የነገሩዎትን የጎማና የመስመር ነገር አይርሱ። አንድ ሌላ ነጥብ ልጨምርልዎ፤ ስልክ ሰዓትን የሚመዘግበው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ጸሐፊው ግን የክስ ወረቀት ሲሞላ በእኛ ይቆጥራል። ፋይሉ ላይ 9፡20 ያለው በወረቀቱ ላይ 3፡20 ሊሆን ይገባዋል፤ አንዳንዱ ሳይቀይር እንዳለ ይገለብጠዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀይሮ ጠዋት ይሁን ማታ ሳይጽፍ ይተወዋል። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ሲሸጋገር በአንድ ቀን መሳሳት የተለመደ ነው። መኪናውን ከአንድ በላይ አሽከርካሪ የሚነዳው ከሆነ የትኛው በዚያ ፈረቃ እንደነበረ የሚወሰነው በዚህ ሰዓት ስለሆነ፣ ለእያንዳንዳቸው መኪናውን ያስረከቡበት መዝገብ ካለዎት አብረው ያቅርቡ፤ ከሌለዎት ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዙ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና የተቀበሉበትን ቀን አስመትተው ይያዙት።